ጎረቤቴን ልከስበት የጻፍሁት ወረቀት

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጌታ በቤቴ ያደረገውን ልመሰክር እወዳለሁ። ላለፉት ሦስት እሑዶች ልነሣ እያልሁ አፍሬ ተቀምጫለሁ። ነገሩ የሴት ሕመም ነው፤ ወንድ በወንድ ፊት አያወራውም። ዛሬ ግን እናገረዋለሁ። ዝም ስለተባለ ነው ልጄ የተጎዳችው።

ሸንጎ የቆመ ሰው አስቀድሞ የባለጉዳዮቹን ስም ያስመዘግባል። እኔም እንዲሁ ላድርግ። በሽተኛዋ ልጄ ስንዱ ናት። እናቷ ሚስቴ የሺ ናት፤ ከእኔ ይልቅ ታውቅ ነበር፣ እኔ አልጠየቅኋትም። ስንዱን ያገባት አበጀ ነው። ጎረቤታችን ደብሬ ናት፤ ሸክላ ሠሪ፣ ባሏ የሞተባት። የነፍስ አባቴ የነበሩት መምሬ ካሴ ናቸው። በሐኪም ቤት ያገኘሁት ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳትና አስተርጓሚ፣ ልሳኑ ይባላል፤ ከእሱ ጋር አንድ ፈረንጅ ሐኪም ነበረ። እኔ ፈንታ ነኝ። ከሳሹ እኔ ነበርሁ።

ወገኖቼ፣ ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። የቆሎ ተማሪዎች ሲያነቡ ከአጥር ውጪ ቆሜ እየሰማሁ፣ በአመድ ላይ እየጻፍሁ ለመድሁ። ይህ አኮራኝ፤ ኩራቱም ተጠራጣሪ አደረገኝ። ቅቤ ብገዛ ድንች ተለውሶበታል ብዬ እስከ ታቹ በእንጨት እወጋዋለሁ። ሰው ሰላም ቢለኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ጥርጣሬዬን ጥበብ ብዬ ጠርቼው ነበር።

ስንዱ በዐሥራ አራት ዓመቷ ሆዷን ይዛ ወደቀች። ከእምብርቷ በታች፣ ወገቧን ይዞ፣ እስከ ጭኗ። እኔ ምን አልሁ? «ይቺ ልጅ ምን ሠርታ ነው?» አልሁ። እናቷን ጠርቼ፣

«መርምሪያት» አልኋት።

«ምኗን ነው የምመረምራት?»

«የማውቀውን አታስወሪኝ። ፀንሳ እንዳይሆን።»

«አንተ ሰው ፈጣሪን ፍራ! የወር አበባዋ ነው። እኔም ያመኝ ነበር።»

«አንቺን ሲያምሽ እንዲህ ስትጮኺ ሰምቼሽ አላውቅም» አልኋት።

እሷም፣ «ጮኼ ቢሆን ምን ትለኝ ነበር?» ብላ ወጣች። ወንድሞቼ፣ ያን ቀን መልሱ በእጄ ገብቶ ነበር። ልጄን ግን ከአልጋ አስነሥቼ እንስራ አሳዝዬ ወንዝ ሰደድኋት። ሰነፍን ሥራ ያድነዋል ብዬ! ጌታ ሆይ ማረኝ።

በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ለአበጀ ዳርኋት። የሰፈር ሴቶች «ባል ስታገባ ይተዋታል፣ ስትወልድ ይተዋታል» ብለው ነበር። አልተዋትም፤ ባሰባት። አልወለደችም። አልጋም ላይ ለባሏ አልመች አለች፤ ያማት ነበር። ይህን በአባት አፍ መናገር ይከብዳል፤ ዳሩ ግን እዚህ የተቀመጣችሁ ባሎች ስሙኝ፣ እያመማት እንቢ የምትል ሴት ባሏን የጠላች አይደለችም። አበጀ ግን ይህን የሚነግረው ሰው አልነበረውም። እኔም አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ ስንዱ ኋላ ኋላው ነጠላዋን ተከናንባ ትከተላለች።

«ልጅህን እንካ» አለኝ። «ወር በወር ትሞታለች፣ ወር በወር ትነሣለች። እኔ ሚስት እንጂ አልዓዛር አላገባሁም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ በሰው ፊት ያፈርሁት በአበጀ አልነበረም። በእሷ ነው።

ከዚያ ወዲያ ምክንያት ፍለጋ ገባሁ። አንድ ጥቅምት በማርያም ዕለት ወደቀች። መምሬ ካሴ፣ «በማርያም ቀን ጥጥ ፈትላ እንዳይሆን፤ ጠበል አስጠምቃት» አሉኝ። አስጠመቅኋት። በወሩ ማርያም ደህና ዋለች፤ ደስ አለኝ፤ ለካ ያን ወር በገብርኤል ዕለት ወድቃ ተነሥታ ነበር። ቀጥሎ በኪዳነ ምሕረት ወደቀች። ያን ጊዜ ለራሴ እንዲህ አልሁ፦ «ዛሬ ማርያም፣ ነገ ገብርኤል፣ ከዚያ ኪዳነ ምሕረት! ይህ የቅዱሳን ሥራ አይደለም። ይህ ቀን እየለዋወጠ የሚሠራ የሰው እጅ ነው። እንዳይነቃበት ነው የሚለዋውጠው።» አያችሁ፣ ተጠራጣሪ ሰው ያገኘውን ሁሉ ለጥርጣሬው ይማግደዋል።

የሰው እጅ ከሆነ የማን? መልሱ ከአጥሬ ማዶ ነበር። ሸክላ ሠሪ ሁሉ ቡዳ ነው ይባላል በአገራችን። ደብሬ ደግሞ ስንዱን ትወዳት ነበር፤ ባየቻት ቁጥር «ውይ ልጄ፣ ከሳሽብኝ» ትላታለች። እኔ ይህን ከንፈር መምጠጥ እንደ መርዝ ቆጠርሁት።

ያን የኪዳነ ምሕረት ዕለት ስንዱን አስቀመጥናትና ጭስ አጨስንባት። የአገሩን ልማድ ታውቁታላችሁ፤ ነጭ ሽንኩርትና የሚከረፋ ነገር ሁሉ ፍም ላይ ይደረግና፣ በሽተኛው በነጠላ ተሸፍኖ «ማነህ? ከየት መጣህ?» ይባላል። እስኪለፈልፍ ድረስ አይለቁትም። እኔ ነበርሁ ጠያቂው።

«ማነሽ? ተናገሪ!»

ሳል ብቻ።

«ማነሽ በላተኛዋ? ከሩቅ ነሽ ከቅርብ?»

«ከቅርብ» አለች።

ከበሩ ላይ አንዷ ሴት «ደብሬ ናት!» አለች። ሌላዋም «ደብሬ ነሽ አይደል?» አለች።

«አዎ ነኝ፣ ልቀቁኝ» አለች ልጄ።

ይበቃን ነበር? በቃን። እኔ ግን መጽሐፍ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ነገሬን በማስረጃ ላሳምር አልሁ። ወገዳ ከተማ ወርጄ ዳኛ ፊት ልከስሳት አስቤ አንድ ወረቀት አዘጋጀሁ። ስንዱ የወደቀችበትን ቀን ሁሉ ከነበዓሉ በአንድ ወገን ጻፍሁ። በሌላው ወገን ደብሬ በደጃችን ያለፈችበትን። ለዚህ ሥራ አጥር ሥር ተኝቼ ስንት ቀን እንደዋልሁ! ሰው እርሻውን ሲያርስ እኔ በእሾህ መካከል የመበለት እግር እጠብቅ ነበር።

ዳኛውን ግን አልጠበቅሁም። ታኅሣሥ ሳይወጣ ሦስት ጎረምሳ አስከትዬ ደብሬ ቤት ሄድሁ። ለገበያ የደረቁ ድስቶችና እንስራዎች በደጇ ተደርድረዋል። አንድ በአንድ ሰበርኋቸው። እሷ በሯ ላይ ቆማ፣

«ጋሼ ፈንታ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች።

«ታውቂዋለሽ!»

«ማወቁንስ የምታውቀው አንተ ነህ። እኔ ጭቃ ነው የማውቀው» አለች።

የመንደሩ ሹም፣ ጭቃ ሹሙም፣ አገር ትልቀቅ አለ። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ እሷን አስከትላ፣ መሣሪያዋን በራሷ ተሸክማ ወደ እስቴ ወረደች። ቤቷን ያን ሳምንት አፈረስነው።

ጥር ዐሥራ አራት ቀን ስንዱ ወደቀች። ደብሬ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ሳለ! የካቲት ዐሥራ ሁለት ደግማ ወደቀች። ወረቀቴን ይዤ መምሬ ካሴ ዘንድ ሄድሁ። ቄሱ ዓይናቸውን አጥብበው አነበቡ።

«ፈንታ፣ ይህን አንተ ነህ የጻፍኸው?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«ደብሬ ባለፈችበት ቀን ልጅህ ደህና ናት። ባላለፈችበት ቀን ታማለች። አሁን ደግሞ ሴትዮዋ አገር የለችም፤ ልጅህ ታማለች።»

«በሩቅም ይበላሉ ይባላል አባቴ።»

መምሬም እንዲህ አሉኝ፦ «በሩቅ ከበላች ለምን አባረርሃት? በቅርብም በሩቅም አንድ ከሆነ፣ አንተ ቤት ያፈረስኸው ለምንድን ነው? እኔም በማርያም ቀን ፈትላ ነው ስል ተሳሳትሁ። ሐኪም ዘንድ ውሰዳት። ጠበል ከሐኪም አይጣላም።»

እኔ ምን አሰብሁ መሰላችሁ? ቄሱ ከደብሬ እጅ መንሻ ተቀብለው ይሆን አልሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርሁ።

መጋቢት ዐሥር ቀን ግን ስንዱ ለጥርጣሬ የሚሆን ጊዜ አልሰጠችኝም። ታስመልሳለች፣ ራሷን ትስታለች፣ ስትነቃ ጉልበቷን ደረቷ ላይ ታጥፋለች። የሺ መጥታ ፊቴ ቆመች። «ዛሬ ካልወሰድሃት እኔ አዝዬ እወስዳታለሁ። ስሞት ደግሞ ከእኔ ጋር እንዳይቀብሩህ» አለችኝ። አንዱን በሬዬን ሸጥሁ። በቃሬዛ አድርገን ሁለት ቀን ተጉዘን የሚሲዮን ሐኪም ቤት ደረስን።

እዚያም መጠርጠሬን አልተውሁም። ደሟን ሊሸጡት ነው፣ ሃይማኖቷን ሊያስክዷት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ዱላዬን ይዤ ከአልጋዋ ግርጌ ቆምሁ። ልሳኑ የሚባለው ድሬሰር መጣና፣

«እኅቴ፣ የሚያምሽ የወር አበባሽ ሲመጣ ነው?» አላት።

«አንተ! ልጄን በፊቴ እንዲህ ያለ ነውር ትጠይቃታለህ?» ዱላዬን አነሣሁ።

«አባቴ፣ ነውር እንኳ አይደለም፤ ቢሆንም ይወጡልኝና ልጠይቃት?»

«አልወጣም።»

«እንግዲያው አብረው ይስሙ» አለ፤ አልተቆጣም። «እኅቴ፣ መቼ መቼ ነው?»

ስንዱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሴት ልጅ ይህን በአባቷ ፊት አትናገርም፤ ያንንም ያስተማርኋት እኔ ነኝ። አብሮት የቆመው ፈረንጅ ሐኪም በቋንቋው አንድ ነገር አለ፤ ልሳኑም «ቀኑን ካላወቅን በሽታውን ለማወቅ ብዙ ወር ይፈጅብናል ይላል» አለኝ።

እኔ ቀኑን አውቃለሁ! ወረቀቱን ከጉያዬ አወጣሁና ዘረጋሁት። ልሳኑ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። «ጥቅምት ማርያም፤ ኅዳር ገብርኤል፣ ሃያ ስምንት ቀን። ታኅሣሥ ኪዳነ ምሕረት፣ ሃያ ሰባት። ጥር ዐሥራ አራት፣ ሃያ ስምንት። የካቲት ሚካኤል፣ ሃያ ስምንት። መጋቢት ዐሥር፣ ሃያ ስምንት።» ቀና ብሎ አየኝ። «አባቴ፣ ይህን እንዲጽፉ ማን አዘዘዎት?»

«ማንም። ጎረቤቴን ልከስበት ነው።»

ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠ። እኔም ጎንበስ ብዬ ራሴ ቆጠርሁት። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ነው፤ ቀኑንም የምንይዘው በበዓል ስም ነው። የእሷ ወር ሃያ ስምንት ነበር። በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ እኔ ጠላት ቀን ለወጠብኝ አልሁ። በገዛ እጄ የጻፍሁት፣ ሰባት ጊዜ ያነበብሁት ወረቀት ነው! የሺ ግን ሳትጽፍም ሳታነብም ታውቀው ነበር።

ስንዱ ያን ጊዜ ፊቷን መለሰች። «አባዬ» አለችኝ፣ «ደብሬን የጠራሁት ጭሱ ስላፈነኝ ነው። እናንተ ስሟን ጠራችሁልኝ፣ እኔ አዎ አልሁ። ስነግርህ አታምነኝም ነበር።»

ሐኪሙ ነገሩን አስረዳኝ፤ እኔም ለእናንተ እንደገባኝ አስረዳለሁ፤ ልጆችና እኅቶች አሏችሁ። በማሕፀን ውስጥ በየወሩ ደም ሆኖ የሚወርድ ሽፋን አለ። በአንዳንድ ሴቶች እንዲህ ያለው ሥጋ ከማሕፀን ውጪ፣ ሆድ ውስጥ ይበቅላል። ልሳኑ «ከአውድማ ውጪ የወደቀ እህል ሳይዘሩት እንደሚበቅለው ነው» አለኝ። እሱም በየወሩ ይደማል፤ መውጫ ግን የለውም። ያቆስላል፣ አንጀትን ከማሕፀን ያጣብቃል። ስለዚህ ያማል፣ ሲቀመጡም፣ ሲጸዳዱም፣ ከባል ጋር ሲሆኑም። አንዳንዷንም ከመውለድ ያግዳል። «ምን አመጣው?» ብዬ ጠየቅሁ። «አናውቅም» አለ ሐኪሙ። «ያላመጣውን ግን እናውቃለን። ኃጢአቷ አይደለም፤ የማንም ዓይን አይደለም፤ ውሸቷም አይደለም።»

አላመንሁትም! ወንድሞቼ፣ አሁንም አላመንሁትም። የሰው ልጅ ያለ አጥፊ እንዴት ይታመማል? ልሳኑ ወንጌል አምጥቶ፣ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው አሳየኝ። ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአቱ የማን ነው ብለው ጌታን የጠየቁበትን። ይህ ሰው ሊያታልለኝ ነው ብዬ መጽሐፉን ተቀብዬ በቀትር ከዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ማታለያውን ፍለጋ ሦስት ጊዜ አነበብሁ። ጌታ ጥፋተኛውን የሚናገርበትን ቦታ ፈለግሁ። የለም! እሱም አይደለም፣ ወላጆቹም አይደሉም አለ ጌታ። ጥያቄያቸው ግን የእኔ ጥያቄ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ማን አጠፋ እያልሁ ስዞር፣ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ አጥፊውን አገኘሁት፤ በሽተኛ ፊት ቆሞ ጥፋተኛ የሚፈልገው ሰው ነበር። ስሙ ይባረክ! በግንባሬ ተደፋሁ። «ጌታ ሆይ፣ ልጄን አላመንኋትም፤ አንተንም አላመንሁህም፤ ማረኝ» አልሁ። ያን ዕለት ለጌታ ሰጠሁ ራሴን። ሃሌ ሉያ!

በሦስተኛው ቀን ሆዷን ከፈቱ። በአንድ ወገን ጠቁሮ የረጋ ደም የቋጠረ እብጠት አገኙና አወጡት፤ የተጣበቀውንም የቻሉትን ያህል ለቀቁት። ሌላውን ማውጣት አንጀቷን ይጎዳል ብለው ተዉት። ጌታ በሐኪሙ እጅ ልጄን ከሞት መለሰልኝ። ምስጋና ለእሱ ይሁን!

አሁን አንድ ወንድም፣ ስሙን አልጠራም፣ ከመነሣቴ በፊት «ጋሼ፣ አሳጥረህ ፈጽሞ ተፈወሰች በል፤ ሰው ይበረታታል» ብሎኛል። አልልም። ጌታ በውሸት አይከብርም። ስንዱ ዛሬም በወር አንድ ቀን ተኩል ትተኛለች። ግን አትወድቅም፣ ራሷን አትስትም። ሐኪሙ እንዳዘዘው ቀኑን እንቆጥራለን፤ በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ ሕመሙ ሳይበረታ፣ ኪኒኗን ትወስዳለች። ጨው በጨርቅ አሙቀን ሆዷ ላይ እናደርጋለን። በዚያ ቀን እንስራ አትሸከምም፤ ውኃውን እኔ እቀዳለሁ። ሰፈሩ «ፈንታ ሴት ሆነ» ይላል፤ ይበል። ትኩሳት ከያዛት ወይም ማስመለስ ከበረታባት ሳንውል ሳናድር ወደ ሐኪም ቤት እንድንመጣ ታዘናል። መውለዷን አናውቅም። እሷም «ጌታ ያውቃል» ትላለች፤ አንዳንድ ቀን ታለቅሳለች። እኔ ዝም ብዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ምክር መስጠት ትቻለሁ፤ ለእኔ ይህም ተአምር ነው።

ከተመለስን በኋላ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ገበያ ወርጄ ደብሬን ፈለግኋት። ድስቶቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። ፊቷ ተንበረከክሁ፤ ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ አየ።

«ደብሬ፣ በድዬሻለሁ። ቡዳ አይደለሽም። ልጄ የማሕፀን ሕመም ነው የነበረባት።»

«እኔ ጭቃ ነው የማውቀው ብዬህ ነበር እኮ» አለች። «ስንዱ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ይቅር በይኝ።»

«ተነሥ፣ ድስቴን እንዳትሰብር» አለች። ሰዉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። «ይቅር ብያለሁ፤ በልቤ ይዤህ መሞት አልፈልግም። አገር ግቢ አትበለኝ እንጂ። አንተ ብታምነኝ ጎረምሶቹ አያምኑኝም። ልጄ እዚህም የቡዳ ልጅ ተብላለች፤ ወሬው ቀድሞን ነው የደረሰው።»

ያን ወሬ ያስነሣሁት እኔ ነኝ፤ ላስቆመው ግን አልቻልሁም። ቤቷን እሠራልሻለሁ አልኋት፤ «አልፈልግም» አለች። ጌታ ኃጢአቴን ይቅር ብሎኛል፤ ይህን አምናለሁ። የሰበርሁት ግን ተሰብሯል።

ወገኖቼ፣ ዛሬ አመሰግነዋለሁ! ልጄ ሐኪም ዘንድ ሳትደርስ እንድትሞት አልተወም። ለክፋት የጻፍሁትን ለሕይወቷ ተጠቀመበት። እናንተም በቤታችሁ በየወሩ የምትጎብጥ ልጅ፣ እኅት፣ ሚስት ካለች፣ ማን አደረገባት አትበሉ። መቼ ያምሻል፣ የት ያምሻል በሏት፤ የምትላችሁንም እመኑ። ጸልዩ፤ ወደ ሐኪምም ውሰዷት። ጌታን ታመኑት፤ እኔን የመሰለ ተጠራጣሪ ያላሳፈረ ማንንም አያሳፍርም።

ይህ ሁሉ የወሰደውን ደምሬዋለሁ። ከስንዱ ስምንት ዓመትና አንድ ትዳር፤ ከአበጀ የወጣትነት ሚስቱን፤ ከየሺ፣ ቃሏን የሚሰማ ባል አጥታ የኖረችውን ዘመን፤ ከደብሬ ቤቷን፣ አገሯንና የልጇን ስም፤ ከእኔ አንድ በሬ። ከዚህ ሁሉ እስከ ዛሬ የተተካው በሬው ብቻ ነው።